ዕቅዴ በየዓመቱ ከደመራው ጋር ይነዳል

ባለ ፎቶ ኮፒው (ሐዋሳ)
ጥቅምት 3፣ 2018

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ሐዋሳ ነው ያለሁት። መናኸሪያ አካባቢ ትንሽዬ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ጉርድ ፎቶ፣ ሲቪ፣ አንዳንዴ ማመልከቻም እጽፋለሁ። 41 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ጥያቄዬ ካሳቃችሁ ሳቁ፤ ግን መልሱልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሱቁን ሳጸዳ ከቶነር ካርቶን ሥር አንድ አሮጌ አጀንዳ አገኘሁ። ጳጉሜ በመጣ ቁጥር የአዲስ ዓመት ዕቅዴን የምጽፍበት ነው። ከ2012 እስከ ዘንድሮ ሰባት ዕቅድ አለበት። በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ሰባቱም አንድ ናቸው! የሚለየው የእስክሪብቶው ቀለም ብቻ ነው። የ2015ቱ በቀይ ተጽፎ ሁለቴ ተሰምሮበታል። ያን ዓመት ምን ነክቶኝ እንደነበር እንጃ።

የጻፍኩት ይሄ ነው፦ በየቀኑ ከንጋቱ 11፡30 ሐይቅ ዳር መሮጥ፣ በወር 3,000 ብር መቆጠብ፣ በወር አንድ መጽሐፍ መጨረስ፣ ማታ ማታ ስልክ አለመንካት፣ ዲላ ላለችው እናቴ በየቀኑ መደወል። (3,000 ብሯም ንቅንቅ አላለችም። ኑሮው ሰማይ ሲነካ የኔ ዕቅድ እዚያው ናት።) ሰባት ዓመት ሙሉ በእጄ ስገለብጠው ኖሬያለሁ። ማሽኑ አጠገቤ ቆሞ! አንዴ ጽፌ ስድስት ኮፒ ባነሳ ይሻለኝ ነበር።

የዘንድሮውን ልንገራችሁ። ነሐሴ ላይ ራስ ምታት አላስቀምጥ ብሎኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ግፊቴ 150 በ95 ሆኖ ተገኘ። ነርሷ "ጨው ቀንስ፣ ተንቀሳቀስ፣ እየመጣህ ተለካ" አለችኝ። ደነገጥኩ። ደንግጬም የ3,500 ብር የሩጫ ጫማ ገዛሁ። መስከረም 2 ንጋት ላይ ከፍቅር ሐይቅ ተነስቼ ወደ አሞራ ገደል ሮጥኩ። አባ ኮዳዎቹ እንኳ ገና ክንፋቸውን አልዘረጉም። ደስ ሲል! ፎቶ ተነስቼ ስታተስ ላይ ለጠፍኩት። በሁለተኛው ቀንም ሮጥኩ። በሦስተኛው ቀን ጉልበቴ እንቢ አለ። በአራተኛው ዘነበ። ከዚያ "ሰኞ እቀጥላለሁ" አልኩ። ሰኞዋን ታውቋታላችሁ።

ደመራ ሲለኮስ ትንሿን ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ። ሰው ሁሉ ደመራው ወደ የት እንደሚወድቅ ያያል። እኔ ዕቅዴ አብሮ ሲነድ ነበር የማየው።

ሰነፍ ነኝ እንዳልል፣ በ12 ዓመት ውስጥ ያለ ለቅሶና ያለ ሕመም ሱቄን ዘግቼ አላውቅም። ጠዋት 1፡30 ከፍቼ ማታ 1፡30 እዘጋለሁ። ሥራ ላይ እንዲህ የሆንኩ ሰው ለራሴ ሲሆን ምን ወረተኛ አደረገኝ? በጣም ትንሽ ነገር ይዞ መጀመር ይሻላል የሚባለውስ እውነት ነው? የሞከራችሁት ብቻ ንገሩኝ። "ቀስ በቀስ እንቁላል…" የሚለውን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ በሞቴ እሱን ተዉት።


አምባዛ

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ይቅርታ፣ አልቻልኩም።


ባለ ጀበናዋ

ወንድሜ፣ እኔ አቶቴ መንገድ ዳር ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ነው። የማውቀውን የማውቀው ከረከቦቴ ነው።

ሦስት ዓመት ሙሉ "ማታ የተረፈኝን አስቀምጣለሁ" እል ነበር። የሚተርፍ ነገር አለ እንዴ? ስኳር አለ፣ ከሰል አለ፣ የልጅ ሳሙና አለ። ማታ ቦርሳዬን ስከፍት የሚተርፈኝ የቡና ሽታ ነው። አንድ ቀን ተናደድኩና ነገሩን ገለበጥኩት። ከመጀመሪያው ጀበና የመጀመሪያዋ ሲኒ የኔ አይደለችም አልኩ። ያቺ ሲኒ እንደተከፈለች 20 ብሯ ቀጥታ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ትገባለች። ክዳኑን ባሌ በሽቦ አሰረልኝ፤ ከላይ ብር የምታስገባ ቀዳዳ ብቻ ናት ያለችው። ገበያ ቢቀዘቅዝም፣ ዝናብ ቢሆንም፣ አንዲት ሲኒ አትጠፋም።

በሳምንት ስድስት ቀን ነው የምሠራው። ጳጉሜ ላይ ሽቦውን ቆርጠን ስንከፍተው 5,900 ብር ገደማ ወጣው። ለሁለቱ ልጆቼ ዩኒፎርምና ደብተር ያለ ብድር ገዛሁ። ከዚያ በፊት አደይ አበባ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይንቦጫቦጭ ነበር።

ልብ በል፣ መጀመሪያ በቀን 100 ብር ነበር ያሰብኩት። ባሌ "አታደርጊውም" አለኝ። በንዴት 20 አደረግኩት። እውነቱን ነበር፤ ግን እስካሁን አልነገርኩትም።

የእናትህን ነገር ደግሞ ልንገርህ። በየቀኑ ደውለህ ምን ልትላት ነው? ቡና በምታፈላበት ሰዓት በሳምንት አንዴ ደውልላት። ሴት ቡናዋ ላይ ስትሆን ለወሬ አትቸኩልም።


የሺፍት ልጅ

የባለ ጀበናዋ ደስ ይላል፤ እኔ ግን ትንሽ ልቃወም።

ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ ነኝ። አንድ ሳምንት የጠዋት ሺፍት፣ አንድ ሳምንት የከሰዓት። "ጠዋት ተነስተሽ እንዲህ አድርጊ" የሚለው ምክር ለኔ አይሆንም። የትኛው ጠዋት? ቆርቆሮውም አልሆነልኝም። አራት ሆነን አንድ ክፍል ነው የተከራየነው፤ ቆርቆሮው ዓይኔ ሥር ከዋለ ደመወዝ ሳይደርስ እከፍተዋለሁ። ሽቦም አያቆመኝም። እኔን የሚያስቆጥበኝ እቁብ ነው። ሰብሳቢዋ መጥታ በር ላይ ትቆማለች። እሷ ፊት ከማፍር ራት ባልበላ ይሻለኛል።

ለኔ የሠራው ሰዓቱን መተው ነው። በርቀት አካውንቲንግ እማራለሁ። "በቀን ሁለት ሰዓት አጠናለሁ" ስል ሞጁሉ አቧራ ጠጣ። አሁን ሕጌ እንዲህ ነው፦ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ፣ አልጋ ላይ ሳልወጣ፣ አንድ ገጽ። ቆሜ ነው የማነበው። ሞጁሉን የማስቀምጠው እዚያው ጫማችን የሚደረደርበት ጋ ነው። ጓደኞቼ መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ "ጫማ ጠባቂ" የሚል ስም ወጣልኝ። አራት አምስት ገጽ የማነብበት ቀን አለ። አንዷን ገጽ እንደ ክኒን ውጬ የምተኛበት ቀን ይበዛል። ግን ሁለተኛውን ሞጁል ጨርሻለሁ። ጠዋት ብገባም ማታ ብገባም ጫማ ማውለቄ አይቀርም፤ እሱ ነው ያዋጣኝ።

ስልኩን ደግሞ ከአልጋህ ማዶ ባለው ሶኬት ቻርጅ አድርገው። ገመዱ አልጋው ጋ የማይደርስ ይሁን። ግድግዳ ተደግፎ ቲክቶክ የሚያይ ሰው አምስት ደቂቃ አይቆይም። ፓወር ባንክ ካለህ ግን ለሰው ስጠው።


ባለ ሦስት እግር

እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው። የኔ መጀመር ሳይሆን መተው ነበር፤ ሲጋራ። በነጠላ እየገዛሁ በቀን እስከ አሥር። "ከነገ ጀምሮ አቆማለሁ" ያልኩበትን ቀን ብቆጥረው አጀንዳህ አይበቃም።

አንድ ቀን የማጨስባቸውን ቦታዎች ሳስብ ግማሹ የነዳጅ ሰልፍ ላይ ሆኖ አገኘሁት። ሰልፉ ረጅም ነው፣ እጅህ ባዶ ነው፣ ነጠላ ሻጩ ልጅ ራሱ መስኮትህ ድረስ ይመጣል። እንግዲህ ሌላውን ሁሉ ተውኩትና ሰልፉን ብቻ ያዝኩ። ሰልፍ ላይ አላጨስም፤ ሌላ ቦታ ግን እንደልቤ። መሪው ሥር በፌስታል ቆሎ አስቀመጥኩ። እጄ ሥራ አገኘ። አሥሩ ወደ አምስት፣ ስድስት ወረደ። አንዴ ዘመድ ሞቶ ለቅሶ ቤት ሳድር ሙሉ በሙሉ ተመለስኩበት፤ አንድ ወር ፈጀብኝ። እንደገና ከሰልፉ ጀመርኩ። አሁን በቀን አንድ ነው፣ ከምሳ በኋላ። እሷን ገና አላሸነፍኳትም።


የገብርኤል ጎረቤት

ሳይኮሎጂ ስለተማርኩ ሁለት ሦስት ቁጥር ልጨምር። አልበዛም።

በፈረንጆቹ 2010 የታተመ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ጥናት አለ። 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንዲት ነገር መረጡ፤ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት፣ ከራት በፊት 15 ደቂቃ መሮጥ፣ እንዲህ ያለ። ሁሉም በቀን ውስጥ አስቀድሞ ካለ ነገር ጋር የታሰረ ነው፤ ልክ እንደ ባለ ጀበናዋ ሲኒ። ከዚያ "ዛሬ ሳላስበው አደረግኩት ወይስ ራሴን ገፍቼ?" የሚለውን ለ12 ሳምንት በየቀኑ መዘገቡ። መካከለኛው ሰው ነገሩን ለመልመድ 66 ቀን ወሰደበት። ፈጣኑ 18 ቀን። ዘገምተኛው በስሌት 254 ቀን።

ይሄን ወደ እኛ ቀን ቆጠራ አምጣው። መስከረም 1 ብትጀምር 66ኛው ቀን ኅዳር 6 ላይ ይውላል። 254ኛው ግንቦት 14 ነው። ደመራ ደግሞ 16ኛው ቀን ነው። በጥናቱ ፈጣን የተባለው ሰው እንኳ ያልደረሰበት ቀን ላይ ነው አንተ ራስህን "ወረተኛ" ብለህ የፈረድከው።

ሁለተኛ ነገር፣ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርሰው ያው ጥናት አሳይቷል። "21 ቀን ይበቃል" የሚባለውን ደግሞ እርሳው። በ1960 አንድ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው ጻፈ። "ቢያንስ" የምትለዋ ቃል በወሬ ወሬ ጠፋች።

ለመሆኑ ማታ ከሱቅህ ቤትህ የምትገባው በምንድነው?


ባለ ፎቶ ኮፒው

በባጃጅ። በሬ ላይ ነው የሚያወርደኝ።


የገብርኤል ጎረቤት

እንግዲያው በርህ ላይ አትውረድ። ትንሽ ቀድመህ ውረድና በእግርህ ግባ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይላል። ፈጠን ያለ እርምጃም ይቆጠራል። የግድ አባ ኮዳ ከመንቃቱ በፊት መሮጥ የለብህም።


ባለ ሦስት እግር

ኧረ ገበያችንን አታበላሹት!


ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ጽሑፍህን ሳነብ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ራስህን ሰድበሃል። ደመራ ወጥቼ ነበር ብለሃል፤ ሁዳዴንም ትጾማለህ ብዬ ልገምት። 55 ቀን ነው። 55 ቀን ሥጋና ቅቤ የማይቀምስን ሰው ፈቃዱ ደካማ ነው አልለውም። ሙስሊሙ ጎረቤትህም ረመዳንን ሙሉ ወር ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ውሃ ሳይቀምስ ይውላል። ይህን የሚችል ሰው ሁለት ቀን ሮጦ ለምን ያቆማል?

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ጾም ላይ ማንም ብቻውን አይደለም። ቤቱ ሁሉ ይጾማል። ድስቱ ይለወጣል። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል። በየጠዋቱ "ዛሬ ልጹም ወይስ ልተው?" ብለህ አትከራከርም፤ ነገሩ ያለቀ ነው። ሩጫው ላይ ግን በየንጋቱ ከብርድ ልብስህ ጋር ሽምግልና ትቀመጣለህ። ብርድ ልብሱ ይረታል።

ሻለቃ ኃይሌ ገብረሥላሴን ተመልከት። እዚሁ ሐይቃችን ዳር ሪዞርት አለው። ልጅ ሳለ፣ አሰላ አካባቢ፣ ትምህርት ቤቱ ከቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበር። ሮጦ ይሄዳል፣ ሮጦ ይመለሳል። ደብተሩን በግራ እጁ እየያዘ ስለለመደ፣ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላም ሲሮጥ ግራ ክንዱ ታጠፍ ትል ነበር። ልጁ "ስፖርት ልሥራ" ብሎ አይደለም ከቤት የሚወጣው። እንዳያረፍድ ነው።

ስለዚህ የባጃጁ ሐሳብ ጥሩ ነው። ከአምስቱ አራቱን ሰርዝ። ለባለቤትህም ንገራት። ስታተስ ላይ አትለጥፈው፤ እዚያ "ጎበዝ" ሲሉህ የሠራኸው ይመስልሃል። 34 ዓመት ሳስተምር እጁን ቀድሞ የሚያወጣ ሁሉ የቤት ሥራውን ሠርቶ አላየሁም።


ባለ ፎቶ ኮፒው
ኅዳር 9

ሰላም ዳግመኛ። ጠፋሁ። "ወረቱ አለቀበት" ብላችሁኝ ይሆናል።

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አራቱን ሰርዝ ብለውኝ ነበር፤ የሰረዝኩት ሦስቱን ነው። የእናቴን መስመር ለመሰረዝ እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። ቁጠባው፣ መጽሐፉና ስልኩ ለጊዜው ተሰርዘዋል። (የሺፍት ልጅ፣ ቻርጀሩን አዛውሬ ነበር። ባለቤቴ መልሳ አመጣችው። የሷም ስልክ አለ ለካ!)

ጥቅምት 5 ማታ ሱቄን ዘግቼ ባጃጅ ያዝኩ። ከቤቴ ራቅ ብሎ ካለው መታጠፊያ፣ ሙዝ የምትሸጠው ሴትዮ ጋ ስንደርስ "ወራጅ አለ" አልኩ። ሹፌሩ ቤቴን ስለሚያውቅ ዞር ብሎ "ተጣልታችሁ ነው?" አለኝ። ከሙዟ ሴትዮ እስከ በሬ ፈጠን ካልኩ 12 ደቂቃ ነው። በቃ፣ ያለኝ ልማድ ይሄ ነው። ከስኒከር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ በሱቅ ጫማዬ ነው የምሄደው።

ዛሬ 35 ቀን ሆነኝ። እሑዶቹን ስቀንስ 30። ከ30ው 24ቱን ሄጃለሁ፣ ስድስቱን ቀርቻለሁ። ሁለቱ ዝናብ ነው። አንዱ ልጄ ትኩሳት ይዟት ነው። ሦስቱ ምንም ምክንያት የላቸውም። ደክሞኝ ዝም ብዬ በሬ ላይ ወረድኩ። በተለይ አንደኛው ሐሙስ ነበር፤ መታጠፊያው ሲያልፈኝ አየሁት፣ አፌን አልከፈትኩም። የድሮው እኔ ያን ዕለት አበቃለት ነበር። ዓርብ ሱቁን ስዘጋም "አሁንማ ተበላሸ፣ ከሰኞ ልጀምር" የምትለዋ ድምፅ መጣች። የገብርኤል ጎረቤት ያልከውን አስታወስኩና ወረድኩ። ያቺ ዓርብ ከሃያ አራቱ ሁሉ ከባዷ ነበረች።

ለደንበኛ ከማትመው የቀን መቁጠሪያ አንዱን ማሽኑ ላይ ለጥፌ በየቀኑ ምልክት አደርጋለሁ። ኮፒ ሊያስነሱ የሚመጡ ተማሪዎች "ጋሼ፣ ምንድነው?" ይሉኛል። አንዷ "ለኔም አንድ አንሳልኝ" አለችኝ። አነሳሁላት፣ አስከፈልኳትም።

ስድስቱንም ቀን ብሄድ በሳምንት 72 ደቂቃ ነው። የ150ው ግማሽ አይሞላም፤ አውቃለሁ። አሁን ከዚያም ቀድሜ መውረድ አምሮኛል። ግን የራሴን ነገር ስለማውቀው 66ኛው ቀን እስኪሞላ፣ ታኅሣሥ 10 ድረስ፣ ከሙዟ ሴትዮ በፊት አልወርድም ብያለሁ። ግፊቴ ባለፈው ሳምንት 142 በ90 ነበር። ነርሷ "ደህና ነው፣ ጨው ግን አልቀነስክም" አለችኝ። ማን እንደነገራት እንጃ። ባለቤቴን እጠረጥራለሁ፤ የምንሄደው አንድ ጤና ጣቢያ ነው።

ባለ ጀበናዋ እህቴ፣ እናቴ ጋ እንዳልሽው እሑድ 9 ሰዓት፣ ቡናዋ ላይ ስትቀመጥ ነው የምደውለው። የመጀመሪያው እሑድ "ማን ሞተ?" አለችኝ። ሁለተኛው እሑድ "ብር ፈልገህ ነው?" ሦስተኛው እሑድ ምንም አልጠየቀችኝም፤ የጎረቤቷ ዶሮ ጎመኗን እንዴት እንደጨረሰባት ሁለተኛው ቡና እስኪፈላ ነገረችኝ። ባለፈው እሑድ ለቅሶ ቤት ነበርኩና ረሳሁት። 9 ሰዓት ከ20 ላይ ሚስኮል አደረገችልኝ።


ባለ ጀበናዋ

ጎሽ የኔ ወንድም! የ3,500 ብሩ ጫማስ?


ባለ ፎቶ ኮፒው

የባለቤቴ ወንድም እግር ላይ ነው። እሱም መስከረም ላይ ሊሮጥ ነበር። አሁን አድርጎት ፑል ቤት ይሄዳል።